ከደጋ የምትወርድ ጀልባ

«የእኛ አገር ውኃ ይወርዳል እንጂ አይቀመጥም» አሉኝ አናጺው፣ መላጊያቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮ ጣሪያዋ ሰው በማታነጋግር አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት ነን። ግድግዳው ላይ ሁለት የአልጋ ራስጌ ተደግፏል፤ ደጁ ላይ ገና ቀለም ያልነካው በር ቆሟል። ከኮምፔርሳቶ ጀልባ ልሠራ መሆኔን፣ በዕድሜዬ ከአንድ በርጩማ ሌላ ሠርቼ እንደማላውቅ፣ እንዲያግዙኝም እንደምፈልግ ነግሬያቸው ነው ይህን ያሉኝ።

«ደሞ ሞተር ያለው?»

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ ሞተር።»

«በል እንግዲያ ተቀመጥ፤ ይኼ ቆመው የሚያወሩት አይደለም።»

ስለ ውኃው የተናገሩት እውነት ነው። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች ሁሉ ዞረው ዞረው አባይ ይገባሉ። አባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ከቦት ሳለ ለደጋው ሰው ግን ጀልባ አልሰጠውም። ከደጀን አፋፍ ቁልቁል ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል፤ ወንዙ ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ በድንጋይ መሀል እየተጋጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ለዚሁ ጉዞ ባሠራቸው የብረት ጀልባዎች ወደ ሱዳን ልወርድ ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ብዙም ሳይርቅ ጀልባዎቹ ተሰባበሩና ሐሳቡ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በጆን ብላሽፎርድ-ስኔል መሪነት የመጡት ብሪታንያውያን አየር በሚነፋ የላስቲክ ጀልባ ሞከሩት። ብዙውን መንገድ ሄዱ፤ ከመካከላቸው አንድ ወታደር ግን ገባር ወንዝ ሲሻገር ውኃ ወሰደው። እኔ የዚያ ዓይነት ጀብዱ አልፈልግም። ሦስት ሰው ጭና፣ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት በፊት የምትመለስ ጀልባ ትበቃኛለች። ስለዚህ ውኃዬ ጣና ነው፤ በመኪና 265 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን።

ጀልባ ለመሥራት የሚነሣ አዲስ ሰው ሁሉ ከሥዕል ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወረቀቴ ላይ የነበረችው ፊቷ ሹል፣ መስታወት ያላት፣ ቀይ መስመር የተሰመረባት ፈጣን ጀልባ ናት። አናጺው ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፤ ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ መሆኑን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ስንት ሰው? ስንት ኪሎ? እንጨቱ ከየት? በምን ይጫናል?» እያሉ በጀርባው ላይ ይጽፉ ጀመር። አልጋ ሊያሠራ የመጣ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው የክፍሉን ስፋት ነው አሉኝ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ሳለ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለጀልባ ሠሪ ትልቅ ወሬ ነው። በሰፊና ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ረጅምና ለስላሳ አይሆንም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። የጣና ነፋስ ደግሞ ሰዓቱን ያውቃል። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱትን መንገደኞች በማለዳ የሚያጣድፉት ለዚህ ነው።

ለጣና ጀልባ ሲታሰብ ታንኳን ዘልሎ ማለፍ ነውር ነው። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ በተለይም ነገደ ወይጦዎች፣ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው የሚሠሩት ታንኳ ለዘመናት እንጨትና እህል፣ መነኩሴና ቡና ሲያመላልስ ኖሯል። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌያዊ የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስጫነው ከዚሁ ከጣና ነው፤ 12 ቶን። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችው ጀልባው ከሞሮኮ ተነሥታ መንገድ ላይ ተፈታች። በዓመቱ «ራ 2» ባርቤዶስ ደረሰች።

ታንኳ ለእኔ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው። ታንኳ ውኃ እንዳይገባው አይደለም የሚሠራው። ውኃ በነዶው መሀል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ማዕበል ቢያጥበው ሰውየው ይረጥባል እንጂ ታንኳው ወደ ታች አይሄድም። ዕዳው እርጥበት ነው፤ እየዋለ እያደረ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ከአገልግሎት በኋላ ዳር አውጥተው ካላደረቁት ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። የኮምፔርሳቶ ጀልባ ተቃራኒው ናት። ዓመታት ትቆያለች፤ ሆኖም የምትንሳፈፈው ውኃን ከውጭ ስላስቀረች ብቻ ነው። አንድ ቀን ማዕበል ከሞላት እንጨቱ ልንሳፈፍ ቢልም ኋላዋ ላይ ያለው 40 ኪሎ ሞተር ይጎትታታል።

ይህን ስነግራቸው አናጺው ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ቢጫ የዘይት ጀሪካን አመለከቱ። «ይኼ ስንት ይይዛል?» ሃያ ሊትር። ክዳኑ ጠብቆ ባዶውን ውኃ ውስጥ ቢገባ ወደ ሃያ ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። አምስቱ ከመቀመጫዎቹ ሥር ቢታሰሩ መቶ ኪሎ። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ ልዩ አረፋ ይሸጣል፤ እኛ ጀሪካን አለን። በወረቀቱ ጀርባ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያው ውሳኔ ይኸው ሆነ፣ ከጀልባዋ ቅርጽ በፊት።

ቅርጹ ከሁለት ዓይነት ወለል አንዱን መምረጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። አንደኛው ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ነው፤ እንደ ገበታ ዝርግ፣ ከፊትና ከኋላ ትንሽ ቀና ያለ። ሁለተኛው ሥሩ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ጀርባ ሹል ሆኖ ውኃውን የሚሰነጥቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት፣ ፋኦ፣ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ዓሣ አጥማጆች ብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀልባ ንድፍ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር አንዱን ለጠፍጣፋው፣ ሌላውን ለሹሉ ሰጥቷል፤ የሹሉ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ታርሞ ወጥቷል። ጠፍጣፋው ቀዳሚ ቁጥር ማግኘቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚሠራ ነገር በተፈጥሮው ወደ ጠፍጣፋነት ያደላል።

የሹሉ ጥቅም ግልጽ ነው። የጣናን አጭር ማዕበል ፊት ለፊት ሲመታ ይከፍለዋል፤ ጠፍጣፋው ግን በጥፊ ይመታዋል፣ የተቀመጠውም ሰው ጀርባው ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ሹሉን አልመረጥሁም? ኮምፔርሳቶ በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋል እንጂ እንደ ሊጥ በሁለት አቅጣጫ አይለጠጥም። የሹሉ ወለል ወደ ፊት ሲሄድ እየተጠማዘዘ ይነሣል፤ እዚያ ላይ ስሕተት የሠራ አዲስ ሰው ሰሌዳውን ይሰነጥቃል፣ ወይም ግራና ቀኟ የማይመሳሰል ጀልባ ይዞ ይቀራል። አንድ ጎን ያዘነበለች ጀልባ ዕድሜ ልኳን ወደዚያ ጎን ትሄዳለች። የጠፍጣፋውን ጥፊ ግን በንድፍ ማለዘብ ይቻላል፤ ወለሉን ጠበብ፣ ርዝመቱን ዘለግ፣ ጎኖቹን ወደ ውጭ ዘመም ማድረግ ነው። እንዲህ ያለችው ጀልባ ባዶዋን ስትሆን ትወዛወዛለች፣ ጭነት ሲያርፍባት ትረጋለች።

አዲስ ሰው ጀልባ መሥራት ይችላል ወይ ለሚለው፣ መልሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰጥቷል። በእንግሊዝ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ስሙን የሰጣት «ሚረር» የተባለች 3.3 ሜትር የሸራ ጀልባ ነበረች። ከነዳፊዎቿ አንዱ ባሪ በክኔል በቴሌቪዥን ለተራው ሰው የቤት ጥገና የሚያስተምር ነበር። ሐሳቡ የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነው። የተቆረጡት ሰሌዳዎች ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ከዚያ መገጣጠሚያው ላይ የመስታወት ክር (ፋይበርግላስ) ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ጀልባዋ አንድ አካል ትሆናለች። አናጺ የሚያስጨንቀው የማዕዘን ግጥምጥሞሽ ቀረ። ከ70,000 በላይ ሚረሮች ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹ በመኪና ማቆሚያና በሳሎን ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ጀልባ ሠርተው በማያውቁ ሰዎች። አናጺው ይህን የሽቦ ስፌት ነገር አልወደዱትም። «ቅርጫት ነው እንግዲህ የምንሠራው» አሉ። ኋላ ግን ሁለት ቁራጭ ሰፍተን ሲያዩት ዝም አሉ፤ የእርሳቸው ዝምታ ምስጋና ነው።

ወደ እንጨቱ እንምጣ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም ይበልጥ የተማርሁት እዚህ ላይ ነው።

ኮምፔርሳቶ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ቀጫጭን የእንጨት ልጣጮች አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ ተጣብቀው የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በሙጫው ላይ ነው። ለቁም ሣጥን ጀርባ የሚሸጠው በክፍል ውስጥ እንዲኖር የተሠራ ነው። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው፣ ብሪታንያውያን ቢኤስ 1088 በሚሉት ደረጃ የሚታወቀው፣ ሙጫው የፈላ ውኃ የሚችል፣ የውስጥ ልጣጮቹም ክፍተት የሌላቸው ነው፤ እሱን ግን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አታገኙትም። በመሀል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሆነው፣ ፊቱ በቡናማ ወይም በጥቁር ፊልም የተሸፈነው። ሙጫው ብዙ ጊዜ ውኃ ይችላል። ሆኖም ፊልሙ ላይ የጀልባ ሙጫ አይዝም፣ መፋቅ አለበት፤ ውስጡም ባዶ ክፍተት ሊኖረው ይችላል፣ ውኃ ያንን ካገኘ እንደ ምስጥ ከውስጥ ይበላዋል።

ማን ማን እንደሆነ ለመለየት የተጠቀምንበት መሣሪያ የወጥ ድስት ነው። ከሦስት ሰሌዳ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ቁራጮች ቆርጠን ከሰል ላይ ጣድናቸው። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ሰዓት ይልቅ ሁለት ሰዓት እንስጠው ተባባልን። የአናጺው ሠራተኛ የሆነው ልጅ ወጡ መቼ እንደሚደርስ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። የቁም ሣጥኑ ጀርባ ሰዓት ሳይሞላው እንደ ረጠበ መጽሐፍ ገጽ ገጽ ሆኖ ተበተነ። የፎርምወርኩ አንዱ ቁራጭ ጠርዙ ላይ ትንሽ አበጠ። ሌላው፣ ከሌላ ሱቅ የመጣው፣ ምንም አልሆነም። አናጺው ምንም ያልሆነውን አንሥተው በቢላ ሊፈለቅቁት ሞከሩ፤ እንጨቱ ተቀደደ እንጂ ሙጫው አልለቀቀም። «ይኼ ነው» አሉ። ዋጋው ሳይጠየቅ ተመረጠ።

ማጣበቂያውም ቢሆን ፈተና ያልፋል። ነጩ የእንጨት ኮላ ውኃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ለወንበር እንጂ ለጀልባ አይሆንም። የውኃ ታንከር የሚሠሩበት ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ እንጨት ላይ ያለው አያያዝ ግን ደካማ ነው። የሚሻለው ኢፖክሲ ነው። እሱ ደግሞ ብርድ ይጠላል፤ የደብረ ማርቆስ ሌሊት ያዘገየዋል፣ የክረምቱ እርጥበትም ያበላሸዋል። ስለዚህ የሙጫው ሥራ ከጥቅምት በኋላ፣ ማለዳ ፀሐይ ከሞቀች ወዲህ እንዲሆን ተስማማን።

ለአጥንቷ የሚሆነው እንጨትም የራሱ ወግ አለው። አናጺው ያለማመንታት ዋንዛ አሉ። ይታዘዛል፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ከበሮ የሚሆነውም እሱ ነው። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ በየአጥሩ የተተከለው ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። የስፌቱ ዘዴ እዚህም ላይ ገላገለን፤ ሙጫና ጨርቁ አጥንቱን ስለሚተካ የሚፈለገው ጣውላ ጥቂት ነው። ከአሮጌ በር የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ነበራቸው፤ ያ ይበቃል።

የጀልባዋን ርዝመት የወሰነችው ሰሌዳዋ ናት። አንድ ኮምፔርሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ፣ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ያህል እየላጉ አነባብረው ቢያጣብቁ 4.8 ሜትር ይወጣል፤ ጎኑ ሲታጠፍ ጀልባዋ 4.6 ሜትር ትሆናለች። ለወለሉ ሁለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር፣ ለጎኑ ለሁለት የተሰነጠቁ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለኋላ ሰሌዳዋና ለመቀመጫዎቿ ሁለት ተጨማሪ። ስድስት ሰሌዳ። ክብደቷ ከነሙጫዋ 110 ኪሎ ገደማ፤ አራት ሰው ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ይጭናታል።

ሞተሩ ላይ ነው ሕልሜ የሞተው። ጀልባ ውኃውን እየገፋች ስትሄድ ፍጥነቷን የሚወስነው ርዝመቷ ነው። የርዝመቷን ስኩዌር ሩት በ4.5 ብናባዛው በሰዓት የምትሄደውን ኪሎ ሜትር በግምት ይሰጠናል፤ ለእኛዋ 10 ሳይሞላ። ከዚያ በላይ ለመሄድ ከውኃው ላይ ተነሥታ መንሸራተት አለባት፣ ለዚያም 15 ወይም 25 የፈረስ ጉልበት ይፈለጋል፤ ሞተሩም ቤንዚኑም ይከብዳል፣ ኋላዋን ለመሸከም ወለሉ መስፋት አለበት፣ የሰፋ ወለል ደግሞ ማዕበሉን በጥፊ ይመታል። አንዱ ፍላጎት ሌላውን እየጎተተ መጨረሻ ላይ ቀይ መስመር ያላት ጀልባ ላይ ያደርሳል። የከፍታውም ቀረጥ አለ፤ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ በዚያ አየር ተራ ሞተር ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። 9.9 የፈረስ ጉልበት የተባለው ጣና ላይ ስምንት ገደማ ነው። ለእኛ በቂ ነው።

በሞተርም ላይ መኩራራት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዳውያን ድጋፍ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ሲገቡ ዓሣው ወደ ከተማ ደረሰ፤ ግን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ባርባስ ዓሦች ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ እዚያው ይጠበቁ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ቁጥራቸው እጅግ አሽቆለቆለ።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም አለ። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተር ይታነቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኖርማንዲ ዳርቻ ወታደር ያራገፉት ሂጊንስ የሚባሉት የኮምፔርሳቶ ጀልባዎች መነሻቸው የሉዊዚያና ረግረግ ነበር፤ ፕሮፔለራቸው ከወለሉ ሥር በተሠራ ጎድጓዳ ውስጥ ተደብቆ ሣርና ግንድ ያልፍ ነበር። ለአዲስ ሠሪ ጎድጓዳው አይሞከርም። የታይላንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት በመስኖ ፓምፕ ሞተር ላይ ረጅም ዘንግ ገጥሞ፣ እምቦጭ ሲመጣ ከውኃው ማንሣት ግን ይቻላል፤ የፓምፕ መለዋወጫ በየገበያው አለ። ሐሳቡ አጓጊ ነው። ለጊዜው ግን አንድ አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ይበቃኛል ብዬ ተውሁት። የኋላ ሰሌዳዋን ቁመት ለአጭር እግር ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር አድርገን ጻፍነው፤ ይህ ልኬት ከተሳሳተ ፕሮፔለሩ ወይ አየር ይመታል ወይ ጭቃ ያርሳል።

ሰሌዳ ከመቆረጡ በፊት አናጺው ሞዴል ይሠራ አሉ። ከጫማ ካርቶን፣ አንድ አሥረኛ፤ 46 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሏ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ስፌቷን በክር ሰፋናት፣ ሻማ አቅልጠን ቀባናት፣ ሳፋ ሙሉ ውኃ ላይ አኖርናት። መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ሲያንስ ክብደት ወደ አንድ ሺሕኛ ያንሳል። ጀልባ፣ ሞተር፣ ቤንዚንና ሦስት ሰው 370 ኪሎ ከሆነ ሞዴሏ ከነጭነቷ 370 ግራም ልትሆን ይገባል። ጎረቤት ባለ ሱቁ ሚዛን ላይ ምስር መዘንን፤ ሦስት ትንንሽ ከረጢት ለሦስቱ ሰዎች፣ የምስማር ጥቅል ለሞተሩ። እውነተኛዋ ጀልባ 10 ሴንቲ ሜትር ስትጠልቅ 350 ኪሎ ያህል ትሸከማለች ብዬ አስልቼ ነበር። ሞዴሏ ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር ጋ ውኃው ደረሰና ቆመ። ደስታዬን አልደበቅሁም።

አናጺው ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ሦስቱንም ከረጢት አንሥተው በአንድ ጎን ደረደሯቸው። ሞዴሏ ዘመመች፣ ጠርዟ ውኃ ነካ፣ ሞላች፣ ምስሩ ሳፋው ውስጥ ተበተነ።

«እንዲህ ማን ይቀመጣል ጋሼ?»

«ዘጌ ስትደርሱ በየት በኩል ነው የምትወርዱት?» አሉኝ። «አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ ወደ ወደቡ ጎን ነው የሚነሣው፤ አብሮ፣ ዕቃውን ይዞ። የወለሉን ስፋት 1 ሜትር ያልሁት ማዕበሉን እያሰብሁ ነበር፤ የሚወርዱትን ሰዎች አልቆጠርኋቸውም። አዲስ ካርቶን ቆረጥን። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨመርንበት፣ በእውነተኛዋ 20 መሆኑ ነው፤ 1.2 ሜትር፣ የሰሌዳው ሙሉ ስፋት ማለት ይቻላል። ማዕበል ላይ ትንሽ ትጠፈጥፋለች። ከረጢቶቹን በአንድ ጎን ስንደረድራቸው ግን ዘመም ብላ ቆመች፣ ጠርዟ ከውኃው ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዳለ።

አናጺው ወረቀቱን ገልብጠው፣ ባለ ቀይ መስመሯን ጀልባ ወደ ታች አድርገው፣ አዲሱን ልኬት ጻፉበት። ከዚያ ሞዴሏን መደርደሪያ ላይ አኖሯት፤ ምስሩን ለቅመው ለሠራተኛው ልጅ ሰጡት። ሳፋውን ደጅ አውጥተው ደፉት። ውኃው በሩ ፊት ትንሽ ዞር ዞር አለና ቁልቁል ወረደ።